ምልክታቸው ታጥቦ ስለጠፋው ሦስት የእድር ድስቶች የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በእድሩ ሰብሳቢ በአቶ ካሣ ግቢ፣ በሳር በተከደነው ራኩባ ጥላ ሥር

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡10

ስለ ሰዓቱ ማብራሪያ፦ ስብሰባው የተጠራው «ለሦስት ሰዓት» ነበር። በሱዳን አቆጣጠር የሚኖሩት አባላት ከቀትር በኋላ ደረሱ። አቶ ባንታምላክ ግን አገር ቤት በለመዱት አቆጣጠር ጠዋት በሦስት ሰዓት መጥተው ስድስት ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን ተሰብስበው ቆይተዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንም ዓይነት ውሳኔ እንዳላሳለፉ በጽሑፍ እንዲሰፍርላቸው ጠይቀዋል፤ ሰፍሯል።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ካሣ፣ ሰብሳቢ፣ በሰሊጥ እርሻ የሠራተኞች ኃላፊ
2. ወይዘሮ ባሕሪያ፣ አባል፣ በገበያው የቤት ዕቃ ሱቅ ያላቸው
3. አቶ ኸድር፣ አባል፣ የቅመም ነጋዴ
4. አቶ ባንታምላክ፣ አባል፣ የመጋዘን ጥበቃ
5. ዘመኑ፣ ጸሐፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወይዘሮ እናትነሽ፣ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ። የተገኙት ስለ ራሳቸው ጉዳይ እንዲያስረዱ ተጠርተው ነው።

በፈቃድ የቀሩ፦ አቶ ሶፎኒያስ፣ ለሠርጉ ሽንኩርት ሊገዙ ኸሽም ኤል ቂርባ ስለሄዱ፤ ወይዘሮ ኮከብ፣ ወጥ ሠሪዎቹን ሊያናግሩ ሾዋክ ስለሄዱ።

ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አንድ ሰው ተነስቶ ውኃ ቢጠጣ ግን ይጎድላል። ስለዚህ ውኃው ወደ ጠረጴዛው እንዲቀርብ ተወስኗል።

አጀንዳ አንድ፦ ድስቶቹ ያሉበት ሁኔታ

ሰብሳቢው ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ እንዲጻፍ አዘዋል። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። በሐዘንና በሠርግ አብረን እንውላለን፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚበላው። ስለዚህ ሦስት ትልልቅ የአሉሚኒየም ድስቶች አሉን። አንዱ ለክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ ለሙስሊም ሥጋ፣ አንዱ ደግሞ ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ የጾም ድስት ነው። ከጾሙ ድስት ሁላችንም ስለምንበላ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ሦስቱም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ሪክሻ የመጡ ናቸው፤ በቁመትም በስፋትም አይለያዩም። የሚለዩት ከበታቻቸው በተቀባ የዘይት ቀለም ነበር፦ ቀይ የክርስቲያን፣ አረንጓዴ የሙስሊም፣ ነጭ የጾም።

ሰብሳቢው ይህን ሲያስረዱ የድስቱን የታችኛ ክፍል ገበሬ በሚጠራበት ስሙ ጠሩት። አቶ ባንታምላክ ሴቶች ባሉበት ተገቢ አይደለም ብለው ስለተቃወሙ በቃለ ጉባኤው ውስጥ «መቀመጫ» ተብሎ እንዲጻፍ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ወይዘሮ ባሕሪያ በሱቃቸው በቀን አርባ ጊዜ ያንን ቃል እንደሚሉትና ማንም ሞቶ እንደማያውቅ ገልጸዋል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው የእሑዱ ሠርግ ነው። ሙሽራው ብሩኽ የትራክተር መካኒክ ነው። ሙሽራዋ ለተሰንበት ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የመጣች ልጅ ናት፤ እናቷ ከድንበር ማዶ ቀርታ ወሬዋ ጠፍቷል። ስለዚህ እድሩ ይድራታል፤ እንደ እናት ሆነው አጠገቧ የሚቀመጡት ወይዘሮ እናትነሽ ናቸው። የሙሽራ እናት ድስት ሥር ስለማትቆም ወጡን ከሾዋክ የሚመጡ ወጥ ሠሪዎች እንዲሠሩት ከዚህ በፊት ተስማምተናል።

ማክሰኞ ዕለት ሰብሳቢው ዕቃ ሊቆጥሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲገቡ ሦስቱ ድስቶች ከላይም ከታችም እንደ መስታወት ሲያበሩ አገኟቸው። ፊታቸውን በሦስት ቦታ እንዳዩትና በሦስቱም ቦታ እንዳረጁ ተናግረዋል። ሲገለብጧቸው ቀይም አረንጓዴም ነጭም የለም።

ወይዘሮ እናትነሽ ተጠይቀው፣ ሰኞ ቀኑን ሙሉ በአመድ፣ በአሸዋና በሽቦ የፈተጓቸው እሳቸው እንደሆኑ አምነዋል። ለምን እንዳጠቧቸው ሲጠየቁ «ቆሽሸው ነበር» አሉ። ሰብሳቢው፣ ሰው የላይኛውን ያጥባል እንጂ ከእሳት በቀር ማንም የማያየውን መቀመጫ እስኪያበራ ለምን ይፈትጋል ብለው በድጋሚ ጠየቁ። «ቆሽሸው ነበር፣ አያ ካሣ» አሉ።

ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ብዕሩ ስለደረቀ ለጥቂት ደቂቃ አልጻፈም።

አጀንዳ ሁለት፦ ድስቶቹን ስለመለየት

ሦስቱ ድስቶች ከዕቃ ቤት ወጥተው በግቢው ተደረደሩ።

አቶ ባንታምላክ፣ አፍንጫዬ አይስተኝም፣ የጾሙን አሽትቼ አወጣዋለሁ አሉ። አንገታቸውን እየከተቱ ካሸተቱ በኋላ የመጀመሪያው ሽሮ እንደሚሸት አረጋገጡ። ወይዘሮ ባሕሪያ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ጠይቀው የድስቶቹን ቦታ አቀያየሩ። በሁለተኛው ዙር ሽሮ የሸተታቸው ሌላው ነበር። በሦስተኛው ዙር ሦስቱም ሽሮ ሸተቱ። ሲመረመር አቶ ባንታምላክ ከጠዋት ጀምሮ ምሳ አልበሉም። ዳቦና ፉል ታዞላቸው የሽታው ምርመራ ተዘግቷል።

አቶ ኸድር በበኩላቸው፣ ሥጋ የበሰለበት ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ስብ ይዞ እንደሚቀር፣ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ስቡ እንደሚያልብ፣ የማያልበው የጾሙ እንደሚሆን አስረዱ። ሐሳቡ ተቀባይነት አግኝቶ ድስቶቹ ለግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ከአባላቱ በቀር ያላበው የለም። ሰብሳቢው ለማጣራት አንዱን ሲነኩ ሁለት የቀኝ እጅ ጣቶቻቸው ተለበለቡ፤ ከዚህ በኋላ የሰጡት ድምፅ ሁሉ በግራ እጅ መሆኑ ይታወቅ።

ቀጥሎ ስርጉዶች ታዩ። አቶ ኸድር በአንደኛው ድስት ጆሮ ሥር ያለውን ስርጉድ እንደሚያውቁት፣ በአባታቸው ሐዘን ጊዜ ከሪክሻ ላይ ወድቆ እንደተሰረጎደ፣ ስለዚህ የሙስሊሙ ድስት እንደሆነ ገለጹ። አቶ ባንታምላክ ያንኑ ስርጉድ በጥምቀት ቦይ ሲሻገሩ ራሳቸው ጥለው እንዳደረሱት፣ እግራቸውም አብሮ እንደቆሰለ ተናግረው ጠባሳውን አሳዩ። ሁለቱም በየሃይማኖታቸው ማሉ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ድስት ላይ እዚያው ቦታ ስርጉድ ተገኘ። ከእነዚህም አንዱን ሁለቱም የእኔ ነው አሉ፤ ሌላውን የእኔ ነው ያለ ሰው ጠፋ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ባለቤት ያልተገኘለት ስርጉድ ሥጋ ከማንም ጋር ስላልበላ የጾም ድስት እንዲባል ተወስኗል።

ሰብሳቢው በመሀል ለቄሱና ለሼኩ ደውለው ነበር። ሁለቱም፣ በአመድና በአሸዋ እንዲህ ተፈትጎ የታጠበ ድስት ንጹሕ ነው፣ አብስሉበት ብለዋል። ጉባኤው፣ ሁለቱ መልሶች በጣም አጭርና በጣም ተመሳሳይ በመሆናቸው አጠራጣሪ ሆነው ስላገኛቸው ለሌላ ጊዜ አስተላልፏቸዋል። አቶ ባንታምላክ አክለው፣ ነገሩ የቄሱና የሼኩ ብቻ እንዳልሆነ፣ እሑድ የሚመጣው እንግዳ ቁራሹን ይዞ «ከየትኛው ድስት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «አናውቅም» ከተባለ እጁን እንደሚያነሳ፣ የሙሽራዋም ስም በዚያው እንደሚነሳ ተናግረዋል። አቶ ኸድርና ወይዘሮ ባሕሪያ በዚህ ተስማምተዋል። በዕለቱ ሦስቱ ያለ ጭቅጭቅ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

አጀንዳ ሦስት፦ አዲስ ድስት ስለመምረጥ

ወይዘሮ ባሕሪያ ሦስት አዲስ ድስት እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ባንታምላክ፣ ድስት የሚሸጥ ሰው ስለ ድስት ግዢ ሲወያይ የጥቅም ግጭት ስላለበት ይውጡ አሉ። ከወጡ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ ጸሐፊው አስታወሰ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወይዘሮ ባሕሪያ ሳይወጡ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለጉባኤው እንዲሰጡ ተወሰነ። አዞሩ። አስተያየታቸውን ግን ወደ አጥሩ እየተመለከቱ ቀጥለዋል።

ለአጥሩ የነገሩት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ድስት በማብረቅረቁ አይመረጥም፤ መቀመጫው በጣት ሲመታ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ ወፍራም ነው፣ ከጮኸ ስስ ነው፣ ስሱ ሽንኩርት ያሳርራል። ጆሮው በብሎን የታሰረ ይላላል፤ የተበየደው ብየዳው ካማረ ይቆያል። ክዳኑ ሲገጠም ካንገዳገደ እንፋሎት ያስወጣል፤ ስለዚህ ሰው ድስት ሊገዛ ሲመጣ ክዳኑን ሳያዞር መግዛት የለበትም። ስቲል ድስት ከአሉሚኒየም ይልቅ ዕድሜ አለው፤ እሳት ግን እኩል አያዳርስም፣ የሚያማስለው ሰው ዘወር ካለ ከሥሩ ይይዛል።

አቶ ኸድር እንግዲያው ለምን ስቲል ግዙ ይሉናል ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ባሕሪያ ያላቸው ስቲል ስለሆነ ነው ብለው መለሱ። ጉባኤው ግልጽነታቸውን አድንቋል።

አቶ ባንታምላክ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ከባድ ድስት እንዲሆን፣ እሱ እንደማይሰረጎድ ተናገሩ። ማን እንደሚያነሳው ሲጠየቁ የጥበቃ ሥራ እንዳለባቸው ገለጹ።

ከዚያ ወይዘሮ ባሕሪያ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ባለ አራት ጆሮ ቢገዛ፣ ቀለም ሳያስፈልግ ዓይን ያለው ሁሉ እንደሚለያቸው ለአጥሩ ነገሩት። በዕለቱ ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ የሚረባው ይህ እንደነበረ ጸሐፊው ያምናል። አቶ ኸድር ግን ረጅሙ ለማን ሰፊው ለማን ሊሆን ነው፣ ነገ ሰፊ የደረሰው ወገን ብዙ በላ ይባላል ብለው ሥጋታቸውን ገለጹ። አቶ ባንታምላክም ሰፊው ለክርስቲያኑ እንዲሆን ወዲያው ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንም ወገን እንዳይከፋው፣ በቁመትም በስፋትም በጆሮም ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ስቲል ድስቶች እንዲገዙ ተወሰነ።

ወይዘሮ ባሕሪያ በሱቃቸው ያለው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ሌሎቹ ከፖርት ሱዳን በሚመጣው መኪና ከአሥር ቀን በኋላ እንደሚደርሱ አስታወቁ። ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ውሳኔው ለሠርጉ እንደማይደርስ ታውቆ፣ ቢሆንም ጥሩ ውሳኔ ስለሆነ እንዲጸና ተደርጓል።

አጀንዳ አራት፦ የድስት አያያዝ ደንብ

እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ደንብ እንዲወጣ ሰብሳቢው አሳሰቡ። የሚከተሉት ጸድቀዋል።

ከዛሬ ጀምሮ የእድሩ ድስት ከላይ እንጂ ከመቀመጫው አይታጠብም። ሽቦ ወደ ዕቃ ቤት አይገባም። አመድ የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ይጠይቃል።

ቲማቲም፣ ሎሚና ማንኛውም ኮምጣጣ ነገር በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ አያድርም፤ ድስቱን ይበላዋል፣ ወጡም ብረት ብረት ይላል። ማማሰያ የእንጨት ይሁን። ከእሳት የወረደ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም፣ መቀመጫው አብጦ ጉልቻ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ያረረ ድስት አይፈተግም፤ ውኃና አመድ ተደርጎበት ያድራል፣ ጠዋት በራሱ ይለቃል።

እነዚህን በሁለተኛው አንቀጽ ያሉትን የነገሩን ራሳቸው ወይዘሮ እናትነሽ ናቸው። ተጠያቂ ስለሆኑ ስማቸው በደንቡ እንዳይጠቀስ ተወስኗል።

ድስቱን ከወንዶቹ አባላት መካከል በተራ የሚያጥብ ይመደብ ወይ ተብሎ ከአጥሩ በኩል ጥያቄ ቀረበ። ሰዓቱ ስለሄደ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታልፏል።

አጀንዳ አምስት፦ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

በወይዘሮ እናትነሽ ላይ ሁለት አቤቱታ ቀርቧል። አንደኛው ከላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው የቆየ ነው፤ ያቀረቡት አቶ ባንታምላክ ሲሆኑ አቶ ኸድርም ባለቤታቸው በቤት ብዙ ጊዜ እንዳማረሩ አክለዋል። ይኸውም ወይዘሮ እናትነሽ ባለፉት ሦስት ዓመታት ድስት ማንም እንዲነካ አይፈቅዱም። ሴቶቹ ሳይደርሱ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ሦስቱንም ድስት ራሳቸው ጉልቻ ላይ ጥደው ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ከመቀመጫው ምልክቱን አይቶ ላረጋግጥ ቢል ይቆጣሉ። በአንድ ሠርግ ላይ የአቶ ኸድርን ባለቤት በማማሰያ ሊመቷቸው እንደነበረ ተነግሯል።

ወይዘሮ እናትነሽ ሁለተኛውን አቤቱታ በተመለከተ እውነት ነው ብለዋል። ስለ ማማሰያው ግን ሊመቱ ሳይሆን እያማሰሉ እንደነበረ ገልጸዋል።

አቶ ባንታምላክ እንደ እህታቸው እንደሚያዩዋቸው፣ ይህን መናገር እንደሚከብዳቸው፣ ሆኖም ቁልፉ ወደ ኮሚቴው እንዲመለስ ጠየቁ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ስለተለወጠ ጸሐፊው እውነታቸውን እንደሆነ ያምናል። ወይዘሮ እናትነሽ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ አስረው ዘጠኝ ዓመት ይዘውታል። ባለቤታቸው ሲሞት ያንኑ ቁልፍ አውጥተው ለቀስተኛውን የሚመግበውን ድስት ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ሰው «የእድር እናት» የሚላቸው በዚህ ቁልፍ ነው።

ሰብሳቢው ድምፅ ሳያሰጡ በፊት ወይዘሮ እናትነሽ ክሩን ከአንገታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፤ እሑድ ለልጅቷ በድስት ምክንያት ነገር እንደተነሳ ማንም እንዳይነግራት። በእሷ ሠርግ የመጣ ጥል እንዳይመስላት።

ድምፅ ተሰጠ። አራት ድጋፍ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ጸሐፊው ነው። ምክንያቱን ተጠይቆ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነው ብሏል።

ቁልፉ በአቶ ባንታምላክ እጅ እንዲቆይ ተወሰነ። አቶ ባንታምላክ እንዳይጠፋ ብለው ከቀበቶአቸው ጋር በሦስት ቋጠሮ አሰሩት። ወይዘሮ እናትነሽ «በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ነጠላቸውን አደግድገው ወደ በሩ ሄዱ።

አጀንዳ ስድስት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ልዩ ልዩ ያለው አለ ወይ ብለው በልማድ ጠየቁ። ጸሐፊው ተነሳ። ከዚህ በታች ያለውን የተናገረውም የጻፈውም እሱ ነው፤ ሰብሳቢው ሳታሳንስ ጻፈው ብለው አዘዋል።

ጸሐፊው እንዲህ አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ሰሞን የድስቶቹ ቀለም በእሳት ተበልቶ ሊጠፋ ሲል፣ ጽሕፈቱ ጥሩ ነው ተብሎ እንዲያድሰው ታዞ ነበር። ዕቃ ቤቱ ሁለት በር አለው፣ አንዱ በመንገድ አንዱ በግቢ። ጸሐፊው በመንገዱ በር ገብቶ፣ ድስቶቹ ተደፍተው በተርታ እንዳሉ የደበዘዘውን ቀለም አይቶ፣ በወረቀት ላይ «ከቀኝ ወደ ግራ፦ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ» ብሎ ጻፈ። ሥራውን ለማሳመር አሮጌውን ቀለም ፍቆ ጨረሰው። ከዚያ አዲስ ቀለም ሊገዛ ገበያ ሄደ። ሲመለስ የመንገዱ በር ተቆልፎ ስለነበረ በግቢው በር ገባ። ወረቀቱን አወጣ። ከቀኝ ጀመረ።

ማታ ቤቱ ገብቶ እጁን በጋዝ ሲያጥብ የቆመበት ቦታ ትዝ አለው። የመካከለኛው ድስት ከየትም በር ቢታይ መካከለኛ ስለሆነ የጾሙ ምልክት ትክክል ነበር። የቀሩት ሁለቱ ግን ተገላብጠዋል፤ ቀዩ በሙስሊሙ ድስት፣ አረንጓዴው በክርስቲያኑ። አልተናገረም። በዚያው ሳምንት ጠንቃቃ ነው ተብሎ ጸሐፊ ሆኖ ተመርጦ ነበር፤ አፈረ። ከዚያም እየቆየ ሲሄድ መናገሩ ይበልጥ ከበደው። ስለዚህ ወይዘሮ እናትነሽ ያጠፉት ምልክት ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸት የነበረ ምልክት ነው።

ወይዘሮ ባሕሪያ ያለ ጉባኤው ፈቃድ ወንበራቸውን አዞሩ። አቶ ባንታምላክ ተቀምጠው የነበረ ቢሆንም እንደገና ተቀመጡ። አቶ ኸድር እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ያ ጀማዓ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስንበላ ኖርን?» አሉ።

«የየራሳችሁን» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ወይዘሮ እናትነሽ ገና አልወጡም ነበር።

ተመልሰው ወደ ድስቶቹ ሄዱ። አንዱን በሁለት ጆሮው ይዘው ከፍ አደረጉት፣ አስቀመጡት። ሁለተኛውን እንዲሁ። «ይሄ ያንተ ነው ኸድር፣ የቀኝ ጆሮው ዝቅ ይላል። ይሄኛው የኛ ነው፣ አፉ ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ ክዳኑ በአንድ በኩል ካልሆነ አይገጥምም። ያ የጾሙ ነው።» የጾሙ ብለው ያሳዩት ጉባኤው በስርጉድ የመረጠው አልነበረም።

ሰብሳቢው እንዴት አወቁ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ እናትነሽ ዘጠኝ ዓመት ሲያነሱና ሲያወርዱ እንደኖሩ፣ ቀለም ሳያዩ በጨለማ እንደሚለዩዋቸው ተናገሩ። ጸሐፊው ቀለሙን ባደሰ በመጀመሪያው ሠርግ ጠዋት ድስቱን ሲያነሱ እጃቸው ያወቀውና ቀለሙ የሚለው እንዳልተገናኙ አዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ እየመጡ ትክክለኛውን ድስት በትክክለኛው ጉልቻ ላይ ራሳቸው ይጥዱት ነበር። እሳት ላይ የተጣደ ድስት መቀመጫው ስለማይታይ ውሸቱ ቀለም ማንንም አይጎዳም። ማንም እንዲገለብጥ ያልፈቀዱት ለዚህ ነው። በአጀንዳ አምስት የተመዘገበው ሁለተኛው አቤቱታም ይኸው ነው።

እሑድ ግን ሙሽራ አጠገብ ስለሚቀመጡ እሳት ዳር የለሁም አሉ። ከሾዋክ የሚመጡት ሴቶች ድስቱን ገልብጠው ቀዩን ቀይ ብለው ያምኑታል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ምልክቱን ፈትገው አጠፉት፤ ዓርብ ቀለም አስገዝተው በትክክል ሊቀቡት አስበው ነበር፣ ሰብሳቢው ማክሰኞ ቀድመው ገቡ።

አቶ ባንታምላክ፣ ታዲያ ከአንድ ሰዓት በላይ ስንወቅስሽ ይህን ለምን አልተናገርሽም ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ እናትነሽ ወደ ጸሐፊው ሳያዩ «ልጁ ጸሐፊያችን ነው፤ በሰው ፊት ምን ብዬ?» አሉ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አለቀሰ። ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤ የሚጻፍ ነገር አይደለም አሉ። ጸሐፊው ይጻፍ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት የእሱን ስህተት በጎህ እየተነሳች በጀርባዋ ስትሸከም ኖራለች፤ እሱ ደግሞ ቁልፉን ሲወስዱባት ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነው ብሏል።

አቶ ባንታምላክ ጸሐፊው ከኃላፊነቱ እንዲነሳ ሐሳብ አቀረቡ። ወዲያው ከተነሳ አምስተኛ ሰው እንደማይኖር፣ ከተነሳም መነሳቱን የሚጽፍ እንደማይገኝ ታወቀ። ጉዳዩ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። አቶ ኸድር «መዓሌሽ፣ ይለፍ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገውታል።

ማጠቃለያ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በዚህ ስብሰባ ከአጀንዳ አንድ እስከ አጀንዳ አምስት የተላለፉ ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ባለቤት ያጣው ስርጉድ ከጾም ድስትነት ተነስቷል። አንድ ዓይነት የሆኑት ሦስት ስቲል ድስቶች አይገዙም፤ ወይዘሮ ባሕሪያ ለአጥሩ የነገሩት ሁሉ ግን ለወደፊቱ እንዲታሰብበት ተይዟል። ድስት ከላይም ከታችም ይታጠባል። የአያያዝ ደንቡ ሁለተኛ አንቀጽ የወይዘሮ እናትነሽ ስም ተጽፎበት ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «መቀመጫ» የሚለው ቃልም ተሽሯል፤ ቀድሞ የተጻፈው ግን ለሴቶች ክብር ሲባል እንዳለ ይቆያል።

ቁልፉ ለወይዘሮ እናትነሽ ይመለሳል። የአቶ ባንታምላክ ሦስት ቋጠሮ ከቀበቶአቸው ሊፈታ ስላልቻለ በአቶ ኸድር ቢላ ተቆርጧል። ወይዘሮ እናትነሽ ክሩ ስላጠረ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል።

ሠርጉ እሑድ በተባለው ሰዓት ይካሄዳል። ሰዓቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ለአቶ ባንታምላክ በተለይ ይነገራቸዋል። ለሙሽራዋ ምንም አይነገራትም።

ቀለሙ ነገ ዓርብ ከጁምዓ ጸሎት በኋላ በወይዘሮ እናትነሽ እጅ ይቀባል። ጸሐፊው በዚያ ሰዓት ተገኝቶ እሳቸው ባሳዩት ቦታ ላይ ብቻ ቆሞ የቀለሙን ጣሳ እንዲይዝ፣ ብሩሹን ግን እንዳይነካ ሐሳብ ቀርቦ ከምሽቱ 12፡40 ላይ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ጸሐፊውም እጁን አውጥቷል። ስብሰባው በዚሁ ተበትኗል።